የማትሞተው አቻ

«አቻ» የምትለው ቃላችን ሁለት ቤት አላት። አንደኛው ቤቷ የጨዋታ ሜዳ ነው። ሁለት ቡድኖች ዘጠና ደቂቃ ሲራወጡ ቆይተው ሳይበላለጡ ሲለያዩ «አቻ ወጡ» እንላለን፤ እንዲህ ስንልም ብዙውን ጊዜ ፊታችን ላይ ቅሬታ ይነበባል። ሁለተኛው ቤቷ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ነው። ልጁን የሚድር አባት አቻውን ይፈልጋል፤ ጀግና ሲወደስ «አቻ የለውም» ይባላል። በአንደኛው ቤት ቃሏ የውጤት መታጣት ትመስላለች፤ በሁለተኛው ግን የክብር መለኪያ ናት። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እነዚህ ሁለት ትርጉሞች በአንድ የቼዝ ሰሌዳ ላይ የተገናኙበትን ታሪክ ላጫውትህ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜው 1872 ነው። በዚያ ዓመት ጥር ወር በእኛ አገር ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ ጭነዋል። በሌላው የዓለም ጫፍ የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና በሚቀጥለው ዓመት ለምታዘጋጀው የዓለም ኤግዚቢሽን ሽር ጉድ ትላለች። የጥንቱ የከተማይቱ ቅጥር ፈርሶ በምትኩ ሰፊው የቀለበት ጎዳና እየተሠራ ነው። የቪየና ሰው በቡና ቤቶቹ ጋዜጣውን ያነባል፣ ፖለቲካውን ይፈጫል፣ ቼዝም ይጫወታል። ያን ጊዜ ቼዝን እንጀራው ያደረገ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። የቀረው ሁሉ ቀን ሥራውን ሠርቶ ማታ ሰሌዳው ላይ የሚቀመጥ አማተር ነው። «አማተር» ማለት ከላቲኑ ሥር ቢፈቱት «የሚወድ» ማለት እንጂ ዛሬ እንደምንገምተው «የማይችል» ማለት አይደለም።

ከእነዚህ ወዳጆች አንዱ ካርል ሐምፔ ይባላል። በ1814 ስዊዘርላንድ ውስጥ ተወልዶ በቪየና የመንግሥት ከፍተኛ ሹም ለመሆን የበቃ፣ ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋ ሰው ነው። ኋላ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቪልሄልም ሽታይኒትዝ ገና ወጣት ሳለ በቪየና ከተጋጠማቸው ጠንካሮች መካከል ይኸው ሐምፔ ይገኝበታል። ሌላው ፊሊፕ ማይትነር ነው። ከሞራቪያ የመጣ ቤተሰብ ልጅ፣ አይሁዳዊ፣ የሕግ ሰው፣ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ጎልማሳ። የኦስትሪያ ሕገ መንግሥት ሃይማኖት ሳይለይ ለዜጎች ሁሉ እኩል መብት የሰጠው በ1867 በመሆኑ፣ ማይትነር በዚያች ከተማ በሕግ ፊት የሌላው ሰው አቻ ከሆነ ገና አምስት ዓመቱ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ተቀመጡ። ነጩ ለሐምፔ፣ ጥቁሩ ለማይትነር ደረሰ።

ንጉሡ ብቻውን ሲዘምት

ቼዝ የሚያውቅ አንባቢ ሰሌዳውን አውጥቶ ቢከተል ይጠቀማል፤ የማያውቅም አይቸገርም። በጨዋታው ሁሉም ነገር የሚያተኩረው በንጉሡ ላይ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። ንጉሥ አይበላም፤ መውጫ ካጣ ግን «ማት» ተብሎ ጨዋታው ያበቃል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ንጉሡን ጥግ አስይዞ፣ በወታደሮች አሳጥሮ፣ ሌሎቹን ወደ ጦርነት ይልካል። የዚያን ቀን ግን የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው።

ሐምፔ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ፤ ማይትነርም እንዲሁ። ሐምፔ በንግሥቲቱ በኩል ያለውን ፈረስ አወጣ። ዛሬ «የቪየና ጨዋታ» በመባል የሚታወቀው ይህ አጀማመር በዘመኑ ከሐምፔ ስም ጋር የተያያዘ ነበር። ማይትነር ጳጳሱን ወደ መሀል ቢያወጣ ሐምፔ ፈረሱን ወደ ሰሌዳው ዳር አንቀሳቅሶ ጳጳሱን አስፈራራው። ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ጳጳሱን ያሸሻል። ማይትነር ግን በዚያው ጳጳስ ከነጩ ንጉሥ አጠገብ ያለችውን ወታደር በልቶ «ቼክ!» አለ። ጳጳሱን ለአንዲት ወታደር ሠዋ ማለት ነው። ንጉሡም ጳጳሱን በላ።

ከዚያ በኋላ ጥቁሯ ንግሥት መጣች። ቼክ ስትል ንጉሡ ሸሸ፤ እንደገና ቼክ ስትል እንደገና ሸሸ። ወደ ቤቱ መመለሻው ተቆርጦበት እየተገፋ በጦር ሜዳው መሀል ወደ ግራ አቋረጠ። በ8ኛው እርምጃ የነጩ ንጉሥ ከራሱ ሠራዊት ፊት ቀድሞ፣ ያለ አጃቢ፣ ያለ ጋሻ ጃግሬ ብቻውን ቆሟል። ሐምፔ በ9ኛው እርምጃ የዳሯን ወታደር አንድ ቤት ገፍቶ ለንጉሡ መሸሸጊያ ሊያበጅለት ሞከረ።

እዚህ ላይ ማይትነር ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። በሰሌዳው ላይ ካሉት ሁሉ ኃይለኛዋን ንግሥቱን ለአንድ ፈረስ ሰጠ። ንጉሡ ንግሥቲቱን ቢበላ ጥቁሩ ፈረስ ዘሎ ቼክ አለው። ንጉሡ ቢያፈገፍግ አንዲት የዳር ወታደር ቼክ አለችው። ንጉሡ በዚህ ጊዜ ፈረሱን በላ። በ12 እርምጃ ውስጥ ማይትነር ጳጳስ፣ ንግሥትና ፈረስ አጥቶ በምላሹ ያገኘው ሁለት ወታደርና አንድ ፈረስ ብቻ ነው። በገበያ ሒሳብ ቢታይ የከሰረ ነጋዴ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው እርምጃ ግን ከሁሉ ያስደንቃል። ማይትነር ቼክ አላለም፣ ምንም አልበላም፣ አልዘለለም። የቀረውን ፈረስ በዝግታ ከንጉሡ ፊት ወዳለው ቤት አወጣው። ባዶ እጁን የቀረ ሰው ያን ሁሉ ሠራዊት ላለው ተቃዋሚ አንድ ሙሉ እርምጃ በነጻ ሰጠው። እርምጃዋ ለሐምፔ ንጉሥ ያዘለችው ግን አንድ ወታደር በመግፋትና ጳጳስ በማንቀሳቀስ የሚፈጸም የሁለት እርምጃ ማት ነበር።

ሐምፔም የዋዛ ሰው አልነበረም። ጳጳሱን አውጥቶ ቼክ ካለ በኋላ ያንኑ ጳጳስ ሆን ብሎ ጥቁሩ ፈረስ በሚበላው ቤት ላይ አቆመው። የጥቁሩን ጳጳስ የማት መንገድ ለመዝጋት የራሱን ጳጳስ ሠዋ ማለት ነው። ወታደሯ ቼክ አለች፤ ንጉሡ አፈገፈገ፤ ፈረሱ ጳጳሱን በላ፤ ንጉሡም ፈረሱን በላ። አሁን የነጩ ንጉሥ ከጠላት ሰፈር ዘልቆ ገብቶ ከጥቁሩ ንጉሥ በጥቂት ቤቶች ብቻ ርቆ ይገኛል።

ማይትነር የቀረውን ብቸኛ ጳጳስ ከንጉሡ አጠገብ አስጠግቶ «ቼክ!» አለ። ጳጳሱን የሚጠብቀው የለም፤ ንጉሡ እጁን ዘርግቶ ሊበላው ይችላል። ከበላው ግን የጥቁሩ ንጉሥ አንድ እርምጃ ወደፊት ይወጣል፤ ከጀርባው ያሉት ሁለት ግንቦች መንገዱ ይከፈትላቸዋል፤ የነጩ ንግሥት አንድ ቼክ ብትል እንኳ ከዚያ ወዲያ ማቱ አይቀርም። ሐምፔ ይህን አየ። ሳይበላ አፈገፈገ። ጳጳሱ ከሌላ ቤት ቼክ አለው። አሁን ንጉሡ ወደ ዳር ቢሸሽ ጳጳሱና አንዲት ወታደር ተባብረው ይማቱታል፤ ያለው ምርጫ ወደነበረበት መመለስ ብቻ ነው። ተመለሰ። ጳጳሱም ተመልሶ ቼክ አለው። እንዲህ እየተባለ እስከ ዘላለም ሊቀጥል ይችላል። በ18ኛው እርምጃ አቻ ወጡ።

እስቲ ሒሳቡን እንይ። ነጩ ከተራመዳቸው 18 እርምጃዎች 12ቱን የተራመደው ንጉሡ ራሱ ነው። በነጩ በኩል የወደቀውን ግዳይ ሁሉ የጣለው ንጉሡ ብቻ ነው፤ አንድ ጳጳስ፣ አንዲት ንግሥትና ሁለት ፈረሶች። የነጩ ንግሥት፣ ሁለቱ ግንቦች፣ አንደኛው ጳጳስና አንደኛው ፈረስ ከተተከሉበት ቦታ አንዲት ጋት ሳይንቀሳቀሱ ጨዋታው አልቋል። ሐምፔ በመጨረሻ በአንድ ንግሥትና በአንድ ፈረስ ይበልጥ ነበር፤ ብልጫው ግን ለምንም አልጠቀመውም። ማይትነርም ንግሥቱን ሠውቶ አላሸነፈም። ቼዝ አዋቂዎች ይህን ጨዋታ ዛሬም ድረስ «የማትሞተው አቻ» እያሉ ያነሡታል። በ1851 ለንደን ላይ አንደርሰን ኪዘሪትስኪን ያሸነፈበትን ዝነኛ ጨዋታ «የማይሞተው ጨዋታ» ይሉታልና ይህችኛዋ የእርሱ እኅት መሆኗ ነው።

ግማሽ ነጥብ

በዚያ ዘመን አቻ መውጣት በውድድር ላይ ብዙ ክብር አልነበረውም። የመጀመሪያው ትልቅ ዓለም አቀፍ ውድድር በ1851 ለንደን ላይ ሲደረግ አቻ የሆነ ጨዋታ እንዳልተደረገ ይቆጠር ነበር፤ ተጋጣሚዎቹ እንደገና ይጫወታሉ። አሸናፊ ካልተገኘ ምንም አልሆነም ማለት ነው። አቻ ለየአንዳንዱ ተጫዋች ግማሽ ነጥብ ማስገኘት የጀመረው በ1867 ስኮትላንድ ውስጥ ደንዲ ላይ በተደረገው ውድድር ነው። ማይትነር በሕግ እኩልነትን ያገኘበትና አቻ በሰሌዳ ላይ ዋጋ ያገኘበት ዓመት አንድ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1883ቱ የለንደን ውድድር ተጫዋቾቹ አቻ ከወጡ ሁለት ጊዜ እንዲደግሙ ተገደው ነበር፤ ሦስተኛውም አቻ ከሆነ ብቻ ግማሽ ግማሹን ይካፈላሉ። አዘጋጆቹ እንዲህ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ሰዎች ተፈራርተው፣ ወይም ተስማምተው፣ ጥቂት ጠጠር ለዋውጠው እጅ ለእጅ ተጨባብጠው የሚነሡበት አቻ አለ። በ1984 ሞስኮ ላይ የጀመረው የካርፖቭና የካስፓሮቭ የዓለም ሻምፒዮና 48 ጨዋታ ተደርጎ 40ው አቻ ሆኖ አሸናፊ ሳይገኝ በየካቲት 1985 ተቋረጠ። በ2005 ደግሞ ሶፊያ ላይ አዘጋጆች ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው አቻ እንዳይጠያየቁ የሚከለክል ደንብ አወጡ። እንግዲህ አቻ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ የፍርሃት አቻና የድፍረት አቻ። የነጥብ መዝገብ ሁለቱንም ግማሽ ብሎ ይጽፋቸዋል እንጂ ለይቶ አያውቃቸውም።

በራሱ ፊት ማን አቻ ይወጣል?

ይህ ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዓፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። የአገራችን ሰንጠረዥ ከፋርስና ከዓረብ አገር የመጣው የጥንቱ ጨዋታ ቅርንጫፍ ነው። አውሮፓውያን ንግሥቲቱንና ጳጳሱን ፈጣን አድርገው ደንቡን ከለወጡም በኋላ እኛ ዘንድ የቀድሞው አረማመድ ሲሠራበት ቆይቷል። ታሪኩን ያጠኑት ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚሉት ጨዋታው የጠፋው በ1930ዎቹ ከደረሰው የጣልያን ወረራ ወዲህ ነው።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ወደ ትግራዩ ገዥ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ በሄደ ጊዜ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቷል። ጨዋታው ሁካታ የሞላበት ነበር። በዙሪያው የተሰበሰበው ሁሉ፣ አገልጋዩም ጭምር፣ «ይህን አንሣ፣ ያንን ጣል» እያለ ጠጠሩን በእጁ እያነሣ ይመክራል። ሶልት ልብ ያለው ሌላም ነገር ነበር፤ ሰዉ በብልሃት እያደረገ ሁልጊዜ አሸናፊው ራስ ወልደ ሥላሴ እንዲሆኑ ያደርጋል። እርግጥ ነው፤ በአዳራሻቸው፣ በሠራዊታቸው መሀል ራስን ማን ያሸንፋል? ማሸነፉ ይቅርና አቻ መውጣትስ ማን ይደፍራል? አቻ ለመውጣት በመጀመሪያ አቻ መሆን ያስፈልጋል። በዚያ አዳራሽ ደግሞ የራስ አቻ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የጨዋታው ደንብ ከአዳራሹ ሥርዓት የተለየ ነገር ይናገራል። በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ አገራችን የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን የጻፈው መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1868 ታትሞ ወጥቷል፤ የሰንጠረዥን ደንብም በዝርዝር ይገልጻል። በመጀመሪያ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም። ማትም ደረጃ ነበረው። በግንብ ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ብዙ አያስመሰግንም፤ ታናናሾቹ ወታደሮች ተባብረው ያደረጉት ማት ግን ከሁሉ በላይ ይደነቃል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አለመደረጉ ነው። አንድ ዋና ጠጠር ብቻ ሲቀረውም፣ ያ ጠጠር 7 ጊዜ ሳይራመድ ማት ማድረግ ግዴታ ነበር። በዓረቦቹ ደንብ ሠራዊቱ ያለቀበት ንጉሥ ተሸነፈ፤ በእኛ ግን ተራቁቶ የቀረን ማሳደድ ድል አይባልም። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ለተቃዋሚው ጥቂት ጠጠር እየተወለት መጫወት ነበረበት። ለማሸነፍ የሚሻ ሰው ተሸናፊውን ተዋጊ አድርጎ ማቆየት አለበት ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ደንብ ከቪየናው ጨዋታ ጎን አስቀምጠው። በቪየና ጥቁሩ ሊራቆት ምንም ያህል አልቀረውም፤ የቀሩት ሁለት ግንቦች፣ አንድ ጳጳስና ወታደሮቹ ናቸው። ሐምፔ ግን በብልጫው ሰክሮ ጳጳሱን አልበላም። የተቃዋሚውን ሐሳብ እንደራሱ ሐሳብ አክብሮ መረመረው፤ እውነተኛ መሆኑንም አመነ። ማይትነርም «ተጨማሪ እሻለሁ» ብሎ ከቼኩ አልወጣም፤ ቢወጣ የነጩ ሠራዊት ያልቅለት ነበር። አንዱ ሌላውን ቢንቅ ኖሮ፣ አንዳቸው ማት ሆነው ጨዋታው ከተረሱት ሺህ ጨዋታዎች መካከል ይቀላቀል ነበር።

ከሰሌዳው ውጭ

ሐምፔ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በ1876 በትውልድ አገሩ በስዊዘርላንድ አረፈ። ማይትነር በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1873 የዓለም ኤግዚቢሽን ምክንያት ቪየና ላይ በተደረገው ትልቅ ውድድር ከ12ቱ ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ተሰለፈ። በዚያ ውድድር ሽታይኒትዝና ብላክበርን እኩል ሆነው ጨርሰው፣ በተጨማሪ ግጥሚያ ሽታይኒትዝ አሸነፈ። በ1882ቱ የቪየና ውድድርም ማይትነር ተሳትፏል። ከታላላቆቹ ጋር ተጫወተ እንጂ ከሽልማቱ ወንበር አልደረሰም። ጥብቅናው ሥራው፣ ቼዙ ፍቅሩ ሆኖ ኖሮ በ1910 ሞተ።

በ1878 ከተወለደችለት ሴት ልጁ ጋር ግን ዓለም በደንብ ይተዋወቃል። ከስምንቱ ልጆቹ ሦስተኛዋ ሊዘ ማይትነር ናት። ቪየና ዩኒቨርሲቲ በሩን ለሴቶች መክፈት በጀመረበት ዘመን በ1906 በፊዚክስ የዶክትሬት ማዕረግ አገኘች፤ በ1907 ወደ በርሊን ስትሄድ በገንዘብ የደጎማት አባቷ ነበር። በበርሊን ከኬሚስቱ ከኦቶ ሐን ጋር ወደ ሠላሳ ዓመት ሠራች። በመጋቢት 1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲጠቀልሉ፣ አባቷ በ1867 ያገኘው እኩልነት ተሻረ። ሐምሌ ላይ ከጀርመን አምልጣ በኋላ ስዊድን ገባች። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ የገና ሰሞን፣ ሐን የደረሰበት ውጤት የአቶም መሰንጠቅ መሆኑን የእኅቷ ልጅ ከሆነው ከኦቶ ፍሪሽ ጋር አስልታ አስረዳች። የ1944ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግን ለሐን ብቻ ተሰጠ። ሳይንስ ግማሽ ነጥብ አልነበረውም። የ109ኛው ንጥረ ነገር ስም በስሟ «ማይትነሪየም» ተብሎ በ1997 ሲጸድቅ፣ እርሷ ከሞተች ወደ 29 ዓመት ተጠግቶ ነበር።

ቪየና ለማይትነር የሰጠችውን የሕግ እኩልነት 71 ዓመት ሳይሞላ መልሳ ነጠቀች። በ1872 ከሰሌዳው ላይ ያገኘውን ግን ማንም ሊነጥቀው አልቻለም። እዚያ ሹምና ጠበቃ፣ ሽማግሌና ጎልማሳ፣ ክርስቲያንና አይሁዳዊ ብሎ ነገር አልነበረም፤ የነበረው እርምጃው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ሁለት ሰዎች አቻ ወጡ ሲባል ፊታችንን ከማጥቆራችን በፊት እንጠይቅ፤ የትኛው አቻ? ተፈራርተው ከሆነ፣ ቅሬታችን ትክክል ነው። አንዱ ንግሥቱን ሠውቶ፣ ሌላው ንጉሡን እስከ ጠላት ሰፈር አዝምቶ፣ ሁለቱም ያላቸውን ሁሉ ጨርሰው ካልተበላለጡ ግን ቃሏ ወደ ሁለተኛው ቤቷ ገብታለች ማለት ነው። አቻ ወጡ፤ አቻ ነበሩና።